ቀን የተለካ የደም ግፊት ስለ ሌሊቱ አይናገርም

ሰላም ለባሕር ዳር ወንድሞቼ። «ቀን ክሊኒክ ተለክቼ ደህና ነህ ከተባልኩ፣ ሌሊትማ ተኝቼ ስለሆነ ግፊት አያሰጋኝም» የሚለውን ሐሳብ ብዙዎቻችሁ ስትደግፉ አየሁ። በአክብሮት ላርም፤ ትክክል አይደለም።

ጤናማ ሰው ሲተኛ ግፊቱ ከቀኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል። የደም ሥሮች ፋታ የሚያገኙት ያኔ ነው። አንዳንዱ ላይ ግን አይወርድም፤ እንዲያውም የሚጨምርበት አለ። የኩላሊት ሕመም፣ የስኳር ሕመም፣ ጨው ማብዛት፣ በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቆራረጥ ሊያመጡት ይችላሉ። ይህ የመጨረሻው በወንዶች ላይ ይበዛል። ስለዚህ ባለቤታችሁ «ስታንኮራፋ ትንፋሽህ ቆም ይላል» ካለቻችሁ በዋዛ አትለፉት። ፋታ ያጣ የደም ሥር እየደነደነ ይሄዳል፤ ለስትሮክና ለልብ ሕመምም ያጋልጣል።

ማረጋገጫው ክንድ ላይ ታስሮ 24 ሰዓት ሙሉ እየደጋገመ የሚለካ መሣሪያ ነው። በእንቅልፍ ሰዓት አማካዩ 120/70 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የሌሊት ግፊት አለ ማለት ነው። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ለክትትል የምትሄዱ፣ ሐኪማችሁን ስለዚህ ምርመራ ጠይቁ። መድኃኒት የጀመራችሁ ደግሞ የቀኑ ልኬት ስላማረ ብቻ፣ እባካችሁ፣ በራሳችሁ አታቋርጡ።