ስንፍና ነው ወይስ ሒሳብ?
አንድ ጸሐፊ መንግሥት ለሥራ አጦች ስለሚሰጠው ገንዘብ ሲናገሩ «ድጎማ ሰውን ያሰንፋል» ብለዋል። እኔ ግን ነገሩ ከስንፍና ይልቅ የሒሳብ ጉዳይ ይመስለኛል። ድጎማ የሚቀበል ሰው ሥራ ሲጀምር ግብር ይቆረጥበታል፤ ድጎማውም እዚያው ይቀነስበታል። ካገኘው 100 ውስጥ 70 ወይም 80ው እንዲህ ከሄደ፣ ትራንስፖርትና የልጅ ጠባቂ ሲጨመርበት ምን ተረፈው? እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን ሁለቴ አስብ ነበር። ብሪታንያ በ2021 እ.ኤ.አ. ሰው ሥራ ሲይዝ ከድጎማው የሚቀነሰውን ከደመወዙ 63 በመቶ ወደ 55 በመቶ አውርዳለች። ፊንላንድ ደግሞ በ2017 እና በ2018 ለ2,000 ሥራ አጦች በየወሩ 560 ዩሮ ሰጥታለች፤ ሥራ ቢያገኙም አልነጠቀቻቸውም። ታዲያ ሰዎቹ ሥራ ጠልተው ቤት አልዋሉም። እርግጥ ነው፣ ሥራ የያዙትም ቁጥር ያን ያህል አልጨመረም፤ ክህሎት የሌለው ወይም የታመመ ሰው በገንዘብ ስሌት ብቻ ሥራ አያገኝማ!