ብርድ ልብስ ሙቀት አይወልድም

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ ያለጊዜያቸው ስለሚወለዱ ሕፃናት የተጠየቁ የሆስፒታል ኃላፊ የሰጡት መልስ እስካሁን ያንገበግበኛል። የሆስፒታሉ ሥራ የመውጫ ወረቀቱ ሲፈረም ያበቃል፣ ከበር ወዲያ ያለው መንገድ የቤተሰቡ ጉዳይ ነው አሉ። ይባስ ብለው፣ ሕፃኑ በደንብ ከተጠቀለለ ምንም እንደማይሆን ጨመሩ።

በምን ይጠቀለል? ብርድ ልብስ ያለውን ሙቀት ያቆያል እንጂ ሙቀት አይወልድም። ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን ደግሞ የሚቆይለት ሙቀት ራሱ ጥቂት ነው። ከቆዳው ሥር በቂ ስብ አልያዘም፤ እንደ ትልቅ ሰው ተንቀጥቅጦ አይሞቅም። በሦስት ጋቢ ተጠቅልሎ በክንድ ቢያዝም፣ መናኸሪያ ወረፋ ሲጠበቅ፣ የሚኒባሱ መስኮት ሲከፈት፣ ከዚያም በባጃጅ ሲኬድ እዚያው ጋቢ ውስጥ ይቀዘቅዛል። ዝም ሲል የተኛ ይመስላል። የቀዘቀዘ ሕፃን ግን ለማልቀስም ለመጥባትም አቅም ያጣል። በጥቅሉ ውስጥ አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ ደግሞ ትንፋሹ ይታፈናል።

ሙቀቱ ያለው እናቱ ደረት ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር የካንጋሮ እንክብካቤ፣ ማለትም ሕፃኑን ደረት ላይ ገላ ለገላ አስሮ ማቆየት፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይሰጥ ብሏል። የመንገዱ ሰዓት ከ24ቱ ውጭ ነው እንዴ? አንዲት ዘመዴ ልጇን በሆስፒታሉ ክፍል ውስጥ ገላ ለገላ አቅፋ ሰነበተች፤ ልትወጣ ስትል ግን ነርሷ ሕፃኑን ጠቅልላ በክንዷ አስታቀፈቻት። ያን ሁሉ ቀን ያስተማሯትን በሩ ላይ አስጣሏት! ማሰሪያ ከውጭ አይመጣም፤ ነጠላ አለን። ሕፃኑ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ ለብሶ፣ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ታጥፈው፣ ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ ጡቶቿ መካከል ይታሰራል። ጋቢው ከላይ ይደረባል።

የአልጋ እጥረት መኖሩን አልክድም። ነገር ግን ቀዝቅዞ የተመለሰ ሕፃን ያንኑ አልጋ መልሶ ይይዛል፤ ያውም ከተመለሰ።

ቤቷ ሩቅ የሆነች እናት ጠዋት ትውጣ፤ ከመሸ በእናቶች ማቆያ ትደር። ነጠላውን ራሷ አስራ ሳታሳይ የመውጫ ወረቀቱ አይፈረም። ከመነሳቷ በፊት ለቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስልክ ይደወል፤ ሕፃኑ በማግስቱ ይታይ። ኃላፊው ይህም የቤተሰቡ ጉዳይ ነው የሚሉ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ውይይት ላይ ቀርበው ለእናቶቹ ይንገሯቸው።