«ራስሽን ያምሻል?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ነበር። ድሬዳዋ በግንቦት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን እንደምትመስል የኖረባት ያውቀዋል፤ ከዚራ እንኳ ያ ሁሉ ዛፍ እያለላት ቅጠል አይነቃነቅም። ቢሮ ተቀምጬ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ሳመሳክር 48,250 ከሚለው ቁጥር ውስጥ 2 ጠፋች። ጥቁር ነገር አልሸፈናትም፤ አልደበዘዘችም። በቃ የለችም። ዓይኔን ወደ እሷ ሳዞር ተመለሰች፤ በምትኩ ከጎኗ ያለችው 5 ጠፋች። ወረቀቱን ከፍ ዝቅ አደረግሁ፤ አንድ ዓይኔን ጨፈንሁ፤ ሌላውንም ጨፈንሁ። ለውጥ የለም።

ጥቂት ቆይቶ በጠፋው ቦታ ጠርዝ ላይ የሚንቀጠቀጥ የብርሃን መስመር ታየኝ። የሐረሪ ቤት ገብታችሁ ከሆነ ግድግዳው ላይ የሚሰቀሉትን ስፌቶች ታስታውሳላችሁ፤ በዙሪያቸው የሚሄደውን ጥርስ ጥርስ ያለ ጥለት። እሱን ይመስላል፤ ግን የበራ ነው፣ ይርገፈገፋል፣ እያየሁትም ይሰፋል። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ከፈጀ በኋላ ወደ ቀኝ እየተለጠጠ ሄዶ ከእይታዬ ዳር ወጣ። ቁጥሮቹ ሁሉ በየቦታቸው ነበሩ። ራሴን አላመመኝም። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ፣ ከትንሽ መጫጫንና ከድካም በቀር፣ ይህ ነገር መጥቶብኝ ራሴን አሞኝ አያውቅም።

እንዲህ በዝርዝር የምጽፈው ለብዙ ዓመታት ለማንም እንዲህ አድርጌ መናገር ስላልቻልሁ ነው። «ዓይኔ ብልጭ ይልብኛል» ስል ሰው የሚረዳው ሌላ ነገር ነው፤ «ይጋርደኛል» ስልም ሌላ ነው። እናቴ «ምች ነው» አለችኝ፤ ከፀሐይ ገብቼ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ስለምጠጣ። ዳማከሴ ጨምቃ ግንባሬን አሸችልኝ። እጇና የቅጠሉ ሽታ አረጋግተውኛል፤ ይህን አልክድም። በሥራ ቦታ ደግሞ አንዷ «ደም ማነስ ነው» ስትል፣ ሌላው «ጨጓራ ወደ ራስ ወጥቶ ነው» አለ። አንዲት ጎረቤታችን ለእናቴ ለብቻዋ የነገረቻት ግን የሚጥል በሽታ ሊጀምራት ነው ብላ ነበር። እናቴ ያን ቀን ሌሊቱን ሙሉ ክፍሌ በር ላይ ቁጭ ብላ አደረች።

ዓይን ሕክምና ሄድሁ። መረመሩኝ፤ መነጽር ታዘዘልኝ፤ ገዛሁ። ብልጭታው መነጽሩን አድርጌም መጣ። ሌላ ጤና ተቋም ሄድሁ። ባለሙያው ገና ከመቀመጤ «ራስሽን ያምሻል?» አለኝ። «አያመኝም» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ቫይታሚን ጻፈልኝ፤ ወጣሁ። ያ ሰው ክፉ አልነበረም። ደጁ ላይ ወረፋ የሚጠብቁትን ሰዎች እኔም አይቻቸዋለሁ። ነገር ግን ጥያቄው ከመጀመሪያው በሩን ዘጋብኝ።

የነገሩ ስም ማይግሬን ኦራ ነው፤ ኦራ የሚባለው ይህ ብልጭታና የእይታ መጥፋት፣ አንዳንዴም ድንዛዜ ነው። የእኔው ደግሞ ራስ ምታት የማይከተለው ዓይነት። ማይግሬንን በአማርኛ ብዙዎቻችን ራስ ፍልጠት ነው የምንለው። የእኔም፣ የባለሙያውም፣ የጎረቤታችንም ችግር ከዚህ ቃል ይጀምራል ብዬ አስባለሁ። ራሱ ያልተፈለጠ ሰው ራስ ፍልጠት አለብኝ ሊል አይችልም፤ ሰሚውም አያምነውም። በሽታው ግን ሕመም ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ ከሰባት ሰው አንዱን ያህል የሚነካ የአንጎል ሕመም ነው፤ ሴቶችን ከወንዶች በሁለትና በሦስት እጥፍ ያጠቃል፤ ካለባቸው ሰዎች ውስጥ ከሦስት ወይም ከአራት አንዱ ከራስ ምታቱ በፊት ወይም አብሮት ኦራ ያያል። ጥቂቶቻችን ዘንድ ኦራው ይመጣና ሕመሙ ሳይከተለው ይቀራል። በዕድሜ ገፋ ሲሉም እንዲህ የሚሆንባቸው አሉ፤ በወጣትነታቸው በራስ ምታት የተሠቃዩ ሰዎች ሕመሙ ትቷቸው ብልጭታው ብቻ ይቀራቸዋል።

ዓይን ላይ የሚታይ ቢመስልም ነገሩ ከዓይን የሚነሳ አይደለም። አንድ ዓይን ሲጨፈን የማይጠፋውም ለዚህ ነው፤ መነሻው ከራስ ቅል ኋላ በኩል ያለውና የምናየውን የሚተረጉመው የአንጎል ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 ሂዩበርት ኤሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የገዛ ራሱን ኦራ ደረጃ በደረጃ በሥዕል አስቀምጦታል። ጠርዙ የጥንት ምሽግ ግንብ ማዕዘኖችን ስለሚመስል ሐኪሞች እስከ ዛሬ በምሽግ ስም ይጠሩታል። እ.ኤ.አ. በ1941 ካርል ላሽሊ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እንዲሁ የራሱን እየሣለ ጊዜውን ለካና በአንጎሉ ላይ አንድ ነገር በደቂቃ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ እየተጓዘ መሆን አለበት ብሎ አሰላ። ከሦስት ዓመት በኋላ አሪስቲዴስ ሌያዎ የተባለ ብራዚላዊ በጥንቸል አንጎል ላይ ሲሠራ ከዚያ ጋር በሚቀራረብ ፍጥነት የሚሄድ ማዕበል አገኘ፦ የነርቭ ሕዋሳት በመጀመሪያ በኃይል ይነቃቃሉ፤ ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ለጊዜው ጸጥ ይላሉ። ብልጭ የሚለው ጥርሳም መስመር የማዕበሉ ግንባር ነው፤ 2ን የዋጠው ባዶ ቦታ ደግሞ ከኋላው የቀረው ጸጥታ።

ይህን ባነበብሁበት ማታ አለቀስሁ። በ1870 አንድ ሰው ከድሬዳዋ እጅግ ርቆ ቁጭ ብሎ የእኔን ብልጭታ ሥሎታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ካገባሁ በኋላ የቤተሰብ ምጣኔ ለመጀመር ወደ አንድ ጤና ተቋም ሄጄ ነበር። ክብደቴን መዘኑ፤ የደም ግፊቴን ለኩ፤ ነፍሰ ጡር አለመሆኔን አረጋገጡ፤ «ከባድ ራስ ምታት አለብሽ?» ተብዬም ተጠየቅሁ። «የለብኝም» አልሁ፤ እውነቴን ነበር። በየቀኑ የሚዋጠው እንክብል ተሰጠኝ፤ ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን የተባሉ ሆርሞኖች የተቀላቀሉበት። ሁለት ዓመት ያህል ዋጥሁት። በዚያ ጊዜ ብልጭታው በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ይመጣ የነበረው በወር ሁለት ጊዜ ሆነ፤ አንድ ቀን ደግሞ የቀኝ እጄ ጣቶች ደነዘዙ፤ ድንዛዜው እየተሳበ ከንፈሬ ድረስ ወጣ። አዲስ አበባ ለሥራ በሄድሁበት አጋጣሚ ያየኝ የነርቭ ሐኪም ታሪኬን ሰምቶ ሲጨርስ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ነገር «የወሊድ መቆጣጠሪያ ትወስጃለሽ? የትኛውን?» የሚል ነበር። እንክብሉን በዚያው ቀን አስቆመኝ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኦራ ያለው ማይግሬን የደም ሥር ተዘግቶ የሚመጣን ስትሮክ ዕድል ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ወጣት ሴት ላይ መነሻው ዕድል በጣም ትንሽ ስለሆነ እጥፉም ትንሽ ነው፤ ይህን የማነሳው ማንም እንዳይደነግጥ ነው። ነገር ግን ኢስትሮጅን ሲጨመርበት ይበልጥ ከፍ ይላል፤ ሲጋራ ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ። የዓለም ጤና ድርጅት የወሊድ መቆጣጠሪያዎችን ለማን ይሰጣሉ ለማን አይሰጡም የሚለውን በአራት ደረጃ ከፍሎ አስቀምጧል። ኦራ ያለው ማይግሬን ላለባት ሴት፣ ዕድሜዋ ስንትም ይሁን ስንት፣ ኢስትሮጅን ያለበት እንክብል አራተኛው ደረጃ ላይ ነው፤ መውሰድ የለባትም ማለት ነው። ማይግሬን ኖሮባት ኦራ የሌላት፣ ዕድሜዋም ከ35 በታች የሆነች ሴት ግን በጥንቃቄ ልትጀምረው ትችላለች።

እዚህ ላይ አንባቢ ትንሽ ቆም እንዲልልኝ እለምናለሁ። መመሪያው እነዚህን ሁለት ሴቶች የለየው በራስ ምታታቸው ብርታት አይደለም። አንዷ ቀን ከሌት በራስ ፍልጠት ስትሠቃይ ልትኖር ትችላለች፤ ሌላዋን እንደ እኔ ምንም ላያማት ይችላል። የለያቸው ዓይናቸው የሚያየው ነገር ነው። እኛ ግን የምንጠይቀው ስለ ሕመም ነው፤ ስለ ብልጭታው የሚጠይቅ የለም። እውነቱን የተናገረች ሴት በዚያው እውነቷ ምክንያት የማይገባትን መድኃኒት ይዛ ትወጣለች።

እርግጥ በአገራችን ብዙ ሴቶች የሚጠቀሙት መርፌና በክንድ ውስጥ የሚቀበረውን ነው፤ እነዚህ ኢስትሮጅን የላቸውም፤ ከባለሙያ ጋር ተመካክሮ መጠቀም ይቻላል። የመዳብ ሉፕ ጭራሽ ሆርሞን የለውም። አማራጩ ሞልቷል፤ ስለዚህ ማንም ሴት ይህን አንብባ የቤተሰብ ምጣኔዋን እንዳታቋርጥ፤ ሄዳ ትነጋገር። ጥያቄውን ለመጠየቅ ማሽን አያስፈልግም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። «ዓይንሽ ላይ የሚያበራ ጥርሳም መስመር ወይም የሚጠፋ ቦታ ቀስ እያለ ሰፍቶ፣ ከአምስት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቆይቶ የሚያልፍ ነገር ታይቶሽ ያውቃል?» ማለት ነው። እጇ ላይ ሥሎ ቢያሳያት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። እኔ ሥዕሉን ባየሁበት ቅጽበት ነው ያወቅሁት።

ነገሩ የሴቶች ብቻ አይደለም። ከሳቢያን ወደ ከዚራ የሚያመላልሰኝ አንድ የባጃጅ ሹፌር አለ። አንድ ቀን ከባጃጁ ኋላ ተቀምጬ ብልጭታው መጣብኝና ዓይኔን ሸፍኜ ቆየሁ። ምን ሆንሽ ሲለኝ እንደዚሁ በጣቴ አየር ላይ ሣልሁለት። ባጃጁን ዳር አቆመና ዞር ብሎ፣ «እህቴ፣ ይሄ እኮ እኔም ጋ ይመጣል» አለኝ። ለሚስቱም ነግሯት አያውቅም። ዓይኔ ሊጠፋ ነው ብሎ ነው የሚያስበው፤ መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብሎም ይፈራል። ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ ጠየቅሁት። አንዳንዴ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፤ ሰው ጭኖ ከሆነ ግን በቀረው እይታው እየገመተ ይነዳል። ቀፊራ ገበያ ላይ፣ ሰውና ጋሪ በሚተራመስበት፣ ግማሽ መንገድ ሳያይ!

ይህ ሰው የሚያስፈልገው ማስፈራራት አይደለም። ፈቃዱን መንጠቅ ሌሎቹን ይበልጥ ያስደብቃቸዋል። የሚያስፈልገው ስም ነው፤ ይህ ነገር እንደሚያልፍ፣ ዓይነ ስውር እንደማያደርገው፣ እስኪያልፍ ድረስ ግን ግማሽ ሰዓት መቆም ግዴታው እንደሆነ የሚነግረው ሰው ነው። ተሳፋሪም «አሞኝ ነው፣ ትንሽ እንቁም» ሲለው «ምንህን?» ብሎ እንዳይቆጣው ነው። አብዛኞቻችን ላይ የሚያመጣው ነገር እንደሚታወቅም ቢነገረው፦ እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መዝለል፣ ውኃ ሳይጠጡ ሙቀት ላይ መዋል፣ ኃይለኛ የፀሐይ ነጸብራቅ። ይህ ሰው ሌሊት ሠርቶ፣ ጫት ቅሞ ሳይተኛ አድሮ፣ ቁርስ ሳይበላ በጠዋት የሚወጣ ነው። እኔ ራሴ በሰዓቱ መብላትና በሰዓቱ መተኛት ከጀመርሁ ወዲህ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢመጣብኝ ነው። አንዴ ከጀመረ ግን የሚያቆመው ነገር አላገኘሁም፤ ሥራዬን አቁሜ፣ ጥላ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ውኃ እየጠጣሁ እጠብቀዋለሁ።

ሁሉን ብልጭታ ማይግሬን ነው ብሎ መተኛትም አደገኛ ነው። መለያው አካሄዱ ነው። ኦራ ቀስ እያለ ይሰፋል፤ ያበራል። ስትሮክ ግን ድንገት ነው፤ ማየት ወይም መናገር ወይም እጅን ማንሳት በአንድ ጊዜ ይጠፋል። እንዲህ ድንገት ከመጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ከሆነ፣ ከ40 ዓመት ዕድሜ በኋላ ከጀመረ፣ በአንድ ዓይን ብቻ ከሆነ፣ ከአንድ ሰዓት ካለፈ፣ ወይም የሰውነት ጎን ከዛለ ወደ ሆስፒታል ነው መሮጥ። በአንድ ዓይን ብልጭታ ታይቶ እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ከተከተለው ደግሞ የዓይን ውስጠኛው ሽፋን እየተላቀቀ ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም። እዚህ ላይ ዳማከሴውም የእኔ ጽሑፍም አይጠቅሙም።

ባለፈው ወር ከቢሯችን አንዲት ልጅ ልታገባ ስትል እንክብል ልትጀምር እንደሆነ ነገረችኝ። ብልጭታውን ጠየቅኋት፤ ሳቀችና «የፀሐይ ነው ብዬ ነው እኮ» አለች። አብሬያት ሄድሁ። ገና «ራስሽን ያምሻል?» ሳትባል ጣቷን አንስታ በጠረጴዛው ላይ ጥርስ ጥርስ ያለውን መስመር ሣለችው። ነርሷ ዝም ብላ አየች፤ አንድ ጊዜ ድገሚልኝ አለቻት። ከዚያ እንክብሉን መልሳ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ካርዱን አገላበጠች። ለዚህ የሚሆን መስመር አልነበረበትም። ዳር ላይ ባለው ባዶ ቦታ፣ በትንንሽ ፊደል፣ «ብልጭታ ታያለች፤ ኢስትሮጅን አይሰጥ» ብላ ጻፈችበት።