የመንግሥት ሃይማኖት ይቅርብን

«አብዛኛው ሕዝብ የሚከተለው ሃይማኖት ለምን የመንግሥት ሃይማኖት ተብሎ አይታወጅም?» የሚል ክርክር በየጊዜው ይነሳል። እኔ የጅማ ሰው ነኝ። መልሴ አጭር ነው፤ ይቅርብን።

ጅማ ነገሩን ከሁለቱም ወገን አይታዋለች። በአባ ጅፋር ዘመን የጅሬን ቤተ መንግሥት ሃይማኖት እስልምና ነበር። ንጉሡ ለአፄ ምኒልክ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ። ያ ራስ ገዝነት በ1924 አበቃ። ከዚያ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት መጣ፤ አንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት የምትደገፍ የአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን አደረጋት። ትናንት የንጉሡን ሃይማኖት ይከተል የነበረ የጅማ ሰው፣ ከቀዬው ሳይነቃነቅ በገዛ አገሩ እንግዳ ሆነ። ኢድ እንኳ ብሔራዊ በዓል የሆነው ከአብዮቱ በኋላ ነው። ሚያዝያ 1966 አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች እኩልነት ብለው ሲወጡ፣ አብረዋቸው የተሰለፉ ክርስቲያኖች ነበሩ። ይህን ሁሌም ማስታወስ አለብን።

ግን ክብሩ ለቤተ ክርስቲያኗስ ምን አተረፈላት? ዙፋኑ ሲወድቅ አብራ ተመታች። በ1967 መሬቷ ተወረሰ። በ1968 ደርግ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አወረዳቸው፤ በ1971 ገደላቸው። መንግሥት እንደፈለገ የሚሾመውን፣ እንደፈለገ ይሽረዋል። ዛሬ «የእኛ ሃይማኖት ይታወጅ» የሚል ሰው፣ የየትኛውም እምነት ተከታይ ቢሆን፣ ይህን ታሪክ ደግሞ ቢያየው እወዳለሁ።

«እንግሊዝስ?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ እዚያ 26 ጳጳሳት በላይኛው ምክር ቤት ይቀመጣሉ። ስዊድን ግን እንደ ፈረንጆቹ በ2000 ቤተ ክርስቲያኗን ከመንግሥት ለይታለች።

የእኛ ሕገ መንግሥት ከ1987 ጀምሮ በአንቀጽ 11 የመንግሥት ሃይማኖት የለም ይላል። መንግሥትም በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። ይህ ሁለተኛው በደንብ አልተከበረም። በ2004 ሙስሊሞች «መንግሥት እጁን ከመጅሊስ ያንሳ» ብለው ለወራት ጮኸዋል። ሕጉ ብቻውን ሰላም እንደማያመጣም አውቃለሁ፤ በ2003 እዚሁ አቅራቢያችን አሰንዳቦ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። መንግሥት የአንዱ ወገን ቢሆን ኖሮ ግን የተበደለው ወዴት ይጮሃል?

ስለዚህ አዋጁን ትተን በየከተማው ዕለት ተዕለት ወደሚያጨቃጭቀን ነገር እንምጣ፤ የአምልኮና የመቃብር ቦታ አሰጣጥ። መስፈርቱ ለሁሉም አንድ ይሁን፤ ማን ጠየቀ፣ ለማን ተሰጠ፣ ማን ለምን ተከለከለ የሚለው በየማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ከጅማ እንጀምር።