ርዝመት ብቻውን ሜዳ አያከብድም

በአሜሪካ ጆርጂያ የሚገኘው አውጉስታ ናሽናል ጎልፍ ክለብ በ2023 የ13ኛውን ሆል (ኳሱ ከመነሻው ተመትቶ ቀዳዳው እስኪገባ ያለውን የሜዳ ክፍል) መነሻ 35 ያርድ፣ ማለትም 32 ሜትር ገደማ፣ ወደ ኋላ ገፋው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 510 ያርድ የነበረው ሆል 545 ሆነ። ለዚህ ሲባል ከጎረቤት ክለብ መሬት ተገዝቷል። ብዙ ሰው ከዜናው የያዘው ነገር ቢኖር ሜዳ የሚከብደው ሲረዝም ነው የሚለውን ነው። ጥሩ ሜዳ ምን ዓይነት ነው ተብሎ በተጠየቀ ቁጥርም መልሱ ይኸው ሆኗል፤ ይርዘም፣ ይጥበብ፣ ውኃ ይጨመርበት። እኔ በዚህ አልስማማም። አውጉስታ ያደረገው ትክክል ነበር፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

ሆሉን ቀረብ ብለን እንየው። በአምስት ምት እንዲያልቅ የታሰበ ነው፤ ከመነሻው ተነስቶ ወደ ግራ ይታጠፋል። በግራው ጠርዝ ጠባብ ጅረት አለ፤ ይኸው ጅረት ግሪኑ (ቀዳዳውና ባንዲራው ያሉበት አጭር የተጨደ ሣር) አፍንጫ ሥር ያልፋል። የመጀመሪያውን ምት ወደ ጅረቱ አስጠግቶ ያሳረፈ ተጫዋች ቀሪው መንገድ ያጥርለታል፤ ኳሱም ደልዳላ ቦታ ላይ ይቀመጥለታል። ፈርቶ ወደ ቀኝ የሸሸ ደግሞ ሰፊ ሣር ያገኛል፤ ነገር ግን መንገዱ ይረዝምበታል፣ መሬቱም ስለሚያዘነብል ኳሱ ከእግሩ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። በዚያ አቋም በቀኝ እጁ የሚመታ ሰው ኳሱ ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ ውኃው ይሳብበታል። ቀጥሎ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፤ ጅረቱን በሁለተኛው ምት ልሻገር ወይስ ከፊቱ ላቁም? የሚያስገድደው የለም። ውሳኔው የራሱ ነው።

ችግሩ ዘመናዊው ዱላና ኳስ ይህን ጥያቄ ማጥፋታቸው ነበር። ጉልበተኞቹ ፕሮፌሽናሎች በእጥፋቱ ላይ ያሉትን ዛፎች በአየር አልፈው ለሁለተኛው ምት አጭር ዱላ ብቻ ይይዙ ነበር። መነሻው ወደ ኋላ ሲሄድ ጥያቄው ተመለሰ። በ2025 አውጉስታ ላይ በየዓመቱ በሚካሄደው ማስተርስ በሚባለው ውድድር የመጨረሻ ቀን ሮሪ ማኪልሮይ እየመራ እዚህ ደረሰ። ጥንቃቄን መርጦ በሁለተኛው ምት ከጅረቱ ፊት አቆመ፤ ከዚያ ከ100 ያርድ ባነሰ ርቀት ላይ ሆኖ ሦስተኛውን ውኃ ውስጥ ጨመረው። ሰባት ምት ፈጀበት። በኋላ በተጨማሪ ሆል ጀስቲን ሮዝን አሸንፎ ዋንጫውን ቢወስድም፣ ያን ቀን ያየ ሰው ጥንቃቄም የራሱ ዋጋ እንዳለው አይዘነጋም። እኔ ከጎልፍ የምወደው ይህን ነው።

አውጉስታን የነደፉት የሜዳ ነዳፊው አሊስተር ማኬንዚ እና ዝነኛው አሜሪካዊ ተጫዋች ቦቢ ጆንስ ናቸው። ማኬንዚ እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር፤ በቦር ጦርነት፣ ማለትም ብሪታኒያ ቦር ከሚባሉት የደች ዘር ሰፋሪዎች ጋር ባደረገችው ውጊያ፣ ደቡብ አፍሪካ ዘምቶ ቦሮች ምሽጋቸውን ከመሬቱ ጋር አመሳስለው ሲሰውሩ ተመለከተ። ያን ዕውቀት በኋላ ወደ ጎልፍ ሜዳ አመጣው። የሠራው ጉብታ ተፈጥሮ ያስቀመጠችው ይመስላል፤ ከሩቅ ሲታይ ግሪኑን የነካ የሚመስለው የአሸዋ ጉድጓድ ሲቀርቡት ብዙ እርምጃ ወዲህ ሆኖ ይገኛል። ተጫዋቹን የሚፈትነው ክንዱን ብቻ ሳይሆን ዓይኑንም ነው። ደግሞም ደካማው ተጫዋች ሁልጊዜ የሚሄድበት መንገድ እንዲኖረው ይፈልግ ነበር፤ ረዘም ይላል እንጂ መንገድ አለ።

ጆንስም ሆነ ማኬንዚ ልባቸው ያለው ስኮትላንድ፣ ሴንት አንድሩስ ነበር። ጆንስ በ1921 በወጣትነቱ እዚያ ባለው ኦልድ ኮርስ በሚባለው ሜዳ ላይ ሲወዳደር 11ኛው ሆል ላይ ባንከር (የአሸዋ ጉድጓድ) ውስጥ ገብቶ ተበሳጭቶ ውድድሩን አቋረጠ። በ1927 እዚያው ተመልሶ ትልቁን የብሪታኒያ ውድድር ዘ ኦፕንን አሸነፈ፤ በ1930 ደግሞ የብሪታኒያን የአማተሮች ውድድር። ሜዳው ያው ነው፤ እሱ ግን አንብቦታል። ኦልድ ኮርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው ይህ ሜዳ ምኑ ላይ ነው ክብደቱ ይላል፤ ዛፍ የለውም፣ ሣሩ ሰፊ ነው፣ በግራ በኩል እንደልብ መምታት ይቻላል። ነገሩ የሚገባው ሁለተኛው ምት ላይ ነው። በግራ ያለ ስጋት የመታ ሰው ከእሱና ከባንዲራው መካከል ባንከር ተደቅኖ ያገኘዋል። በቀኝ በድፍረት የመታው መንገዱ ክፍት ነው።

17ኛው፣ ሮድ ሆል የሚባለው፣ ለዚህ ዋና ምስክር ነው። ከግሪኑ በግራ በኩል አንዲት ጠባብ ጥልቅ ባንከር አለች። ስፋቷን ያየ አይፈራትም፤ በዙሪያዋ ያለው መሬት ግን ወደ እሷ ስለሚያዘነብል የምትይዘው ቦታ ከስፋቷ ይበልጣል። በ1978 በዘ ኦፕን ጃፓናዊው ቶሚ ናካጂማ በሁለት ምት ግሪኑ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ በፓተር (ኳስ ወደ ቀዳዳው ለማንከባለል በሚያገለግለው ዱላ) የነካው ኳስ ተንከባልሎ ባንከሯ ውስጥ ወረደ። ለመውጣት አራት ምት ፈጀበት፤ ሆሉን በዘጠኝ ጨረሰ። ውኃ የለም፣ ጫካ የለም፤ ያዳፋ መሬትና አንድ ጉድጓድ ብቻ።

አሁን ከዚህ ጋር ፍሎሪዳ የሚገኘውን የቲፒሲ ሶግራስ 17ኛ ሆል አስተያዩት። ፒት ዳይ የነደፈው ሜዳ በ1980 ሲከፈት ይህ ሆል ዝነኛ ሆነ፤ ግሪኑን ውኃ እንዲከበው ሐሳቡን ያመጣችው ባለቤቱና የሙያ ባልደረባው አሊስ ዳይ ነበረች። 137 ያርድ ብቻ ነው። በቴሌቪዥን ሲታይ ልብ ያንጠለጥላል፤ ተመልካቹም በሺዎች ይሰበሰብበታል። ለአንድ ውድድር፣ ለአንድ ሳምንት እሰየው። ነገር ግን የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግሪኑ ላይ አሳርፍ፣ ካልቻልክ ሰመጥክ። መሸሻ የለውም፣ አማራጭ የለውም። በዝና ስለተቀዳ በየአገሩ በውኃ የተከበበ ግሪን ተሠራ፤ ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወት ተራ ሰው ኳስ እየጨመረበት ገንዘቡንና ትዕግሥቱን ይጨርሳል። ይህን እንደ ጥሩ ንድፍ መቁጠር የለብንም።

ጠባብ ሜዳም ከዚህ አይሻልም። ሰሜን ካሮላይና ያለው ፓይንኸርስት ቁጥር 2 ዶናልድ ሮስ የሠራው ድንቅ ሜዳ ነው። ከጊዜ በኋላ ግን እንደሌላው ሁሉ በወፍራም ሣር ታጥሮ ጠበበ። ነዳፊዎቹ ቢል ኩር እና ቤን ክሬንሾ በ2010 እና በ2011 ሣሩን ነቅለው አሸዋውንና የዱር ቁጥቋጦውን መለሱ፤ የውኃ መርጫዎቹንም ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀነሱ። ፌርዌዩ (ከመነሻው እስከ ግሪኑ ያለው የተጨደ መንገድ) ሰፋ፣ ቡኒ ሆነ። በ2014 የወንዶቹም የሴቶቹም ዩኤስ ኦፕን (የአሜሪካ ብሔራዊ ውድድር) በተከታታይ ሳምንታት እዚያው ተካሄደ፤ ማርቲን ካይመር እና ሚሼል ዊ አሸነፉ። ሜዳው ሰፍቶም አልቀለለም። መካከላቸው ከፍ ብሎ ዳርቻቸው የሚያዳልጠው ግሪኖቹ ከተሳሳተ አቅጣጫ የመጣን ኳስ አይቀበሉም፤ ስለዚህ ሰፊው ሣር ውስጥ የት እንደምትቆም ካላወቅህ ስፋቱ አይጠቅምህም።

ይህ ጉዳይ በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ላለነው ቅርብ ነው። ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ከወንዙ በወጣ ደለል በተሞላ ጠፍጣፋ መሬት ላይ ኢስት ፖቶማክ የሚባል የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ አለ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የነደፈው ዋልተር ትራቪስ ራሱ ሻምፒዮን ነበር፤ ሜዳውንም አንድ ቀን ወዲህ ሌላ ቀን ወዲያ፣ በሁለቱም አቅጣጫ እንዲጫወቱበት አድርጎ ነበር የሠራው። ኮረብታ በሌለበት፣ ጅረት በሌለበት ሜዳ ላይ አቅጣጫ በመቀየር ብቻ ሌላ ሜዳ ማውጣት ማለት ነው። ያ ሐሳብ ከጊዜ ጋር ጠፍቷል። አሁን ሜዳው ወደ ትልቅ የውድድር ሜዳ ይለወጥ የሚል ሐሳብ ሲነሳ ስጋቴ ግልጽ ነው፤ ርዝመትና ውኃ ይመጣል፣ ዋጋ ይጨምራል፣ ጀማሪው ይወጣል።

የሕዝብ ሜዳ የሚያስተዳድር አካል ገንዘብ ቢያገኝ መነሻውን ወደ ኋላ ከመግፋቱ በፊት የማጨጃ መኪናው የሚያልፍበትን መስመር ያስተካክል። ፌርዌዩን ያስፋ፤ ያለቦታው የበቀሉትን ዛፎች ይቁረጥ፤ ለአዛውንቱም ለጀማሪዋም ወደ ፊት የቀረበ መነሻ ይሥራ። ከሁሉ በላይ የግሪኑን አፍ ክፍት አድርጎ አጭር ይጨደው። በአየር ማድረስ ያልቻለ ሰው በመሬት ያንከባልለው፤ ባንከሩ በአንድ ጎን ይሁን እንጂ መንገዱን አይዝጋ። ይህ ሁሉ አንድ ኩሬ ለመቆፈር ከሚወጣው ባነሰ ወጪ ይሠራል።