ለ6 ኖት ጀግኖች ምስጋና

ከሰዓት በኋላ ዱባይ ካይት ቢች ብቅ ብትሉ ታዩታላችሁ። ሻማል የሚሉት ብርቱ የሰሜን ምዕራብ ንፋስ ካልተነሳ በቀር የባሕሩ ንፋስ ለስላሳ ነው። ባንዲራው ቀና ይላል፣ መልሶ ይተኛል። ተራ ሰው «ዛሬ ንፋስ የለም» ብሎ ሻይ ያዛል። የኛ ጀግና ግን 17 ካሬ ሜትር ካይቱን፣ ሰሌዳ ላይ ቆሞ ውሃ ላይ በንፋስ የሚጎተትበትን የጨርቅ ክንፍ፣ መንፋት ይጀምራል። ሻጩ «በ6 ኖት ይነሳል» ብሎታላ! 6 ኖት ማለት በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍስ ንፋስ መሆኑ ነው።

እንዲህ ያለ እምነት በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል? «ማንን ይዞ ነው የሚነሳው?» ብሎ እንኳ አልጠየቀም። 55 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ነው ወይስ እሱን፣ ባለ 95 ኪሎውን? በተራ ሰሌዳ ነው ወይስ በሃይድሮፎይል? ሃይድሮፎይል ውሃ ውስጥ ባለው ክንፉ ሰሌዳውን ከውሃው በላይ ስለሚያነሳው ጥቂት ንፋስ ይበቃዋል። ተራው ሰሌዳ ላይ በዚያው ንፋስ መስመጥ ነው። ግን እንዲህ የሚጠይቅ ነገረኛ ነው። ጀግና ከፍሎ ይወጣል።

አለካኩ ደግሞ ለብቻው ይደነቃል። ንፋስ መለኪያውን ደረቱ ጋ ይዞ 6 ያነባል። ካይቱ ያለው ግን 20 ሜትር በሚያልፍ ገመድ ጫፍ፣ ንፋሱ በሚበረታበት ከፍታ ላይ ነው። በዚያ ላይ ድንገት ሽው ሲል 9 ይደርሳል። ከ6 ወደ 9 ትንሽ ጭማሪ ይመስላል። ፍጥነቱ በአንድ ተኩል ሲያድግ ግን ግፊቱ ከሁለት እጥፍ ያልፋል። ጀግናችን በ9ኙ ይነዳል፣ በ6ቱ ያወራል። ጤፍ ሲሸጥ ሚዛን የሚጫን ነጋዴ እንኳ ትንሽ ያፍራል።

የሚያሳዝኑኝ የ2024 ኦሎምፒክ ተወዳዳሪዎች ናቸው። የካይት ውድድሩ ማርሴይ ላይ ነበር። የዓለም ምርጦች፣ ሁሉም በሃይድሮፎይል፣ ግዙፍ ካይት ይዘው መጡ። ንፋሱ ጠፋ፣ ውድድሩ ይራዘም ይሰረዝ ጀመር። ወርቁን የወሰዱት ኦስትሪያዊው ቫለንቲን ቦንቱስና ብሪታንያዊቷ ኤሊ አልድሪጅ ሳይቀሩ ንፋስ ጠበቁ። ምነው ከኛ ሻጭ በገዙ!

አንዳንዴ እርግጥ ንፋሱ መሃል ላይ ጸጥ ይላል። በአየር የተነፋው ትልቅ ካይት ውሃ ላይ ይተኛል፤ እምቢ አለ ማለት ነው፣ በ6 ኖት መልሶ አይነሳም። በራሪ ወረቀቱ ላይ «ከወደቀ ይዋኛል» የሚል መስመር የለም፣ ለካ ቦታ ጠቧቸው ነው። ጀግናችን ካይቱን እየጎተተ ይዋኛል። ዳር ሲደርስ ካይቱን አይወቅስም። «ቴክኒኬ ነው» ይላል። ማታ የሚለቃት ቪዲዮ ላይ ያቺ የበረረባት ቅጽበት አለች፣ ዋናው የለም። ከስሩ ሦስት ሰው «ስንት ነው የገዛኸው?» ይለዋል።

አዲሱ ሞዴል በየዓመቱ ካለፈው በ1 ኖት ቀድሞ ይነሳል ሲባል እሰማለሁ። ሂሳቡ ደስ ይላል። ከ6 ብንጀምር በሰባተኛው ዓመት ካይቱ ራሱ ንፋስ መስጠት ይጀምራል፤ ያኔ እኔም አንድ እገዛለሁ፣ ለሳሎኔ።