ውሃ ጠየቅን እንጂ ማንን ሰደብን?

የምርጫ ቅስቀሳ በመጣ ቁጥር ያንገሸግሸኛል። በ2013ቱም ያው ነበር። ጎንደር ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ውሃ የምናገኝበትን የአንገረብ ግድብ ደለል በልቶታል፣ መገጭ ግድብ ደግሞ ያልቃል ሲባል ልጆቻችን አደጉ። ታዲያ አራዳ አካባቢ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ወጣት፣ ጃሪካኑን እግሩ ስር አድርጎ፣ ሊቀሰቅስ ለመጣ አንድ ዕጩ «መገጭ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለው። በቃ! ሰውዬው ጠረጴዛውን በቡጢ ነርቶ «ይሄ ጥላቻ ነው፣ በዘሬ ነው የመጣህብኝ!» ብሎ ቤቱን ቀወጠው። ምን ዘር አመጣው? ልጁ እኮ የሰውዬውን አገር እንኳ አያውቅም። ማታ ፌስቡክ ላይ «ዕጩአችን ተሰደበ» ተብሎ ወጣ፣ ስለ ውሃው አንድም ቃል የለም፣ ከስር ያለው እርግማን ብቻ!

በጣም የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? በዘሩ ምክንያት ከቤቱ የተፈናቀለ፣ ዘመድ የተገደለበት ስንት ሰው አለ በዚህ አገር። የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የወጣው ለእንደዚህ ዓይነት መዓት እንጂ ጥያቄ ለከበደው ዕጩ መሸሸጊያ አይደለም። የእነዚያን ሰዎች ዕንባ ለድምፅ መለመኛ ማድረግ ነውር ነው፣ ነውር! መልስ ከሌላችሁ የለንም በሉ፤ ልጁን ግን ዘረኛ አትበሉብን።